ለልጆች ክፍል የኮከብ መብራት፦ ሌዘር ወይስ ባለ ዲስክ? (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኮርኒስ ላይ የከዋክብት ምስል የሚያበራ መብራት ልገዛ ነው፤ ለ4 እና ለ7 ዓመት ልጆች መኝታ ቤት ነው፤ ከሁለት ዓይነት አንዱን መምረጥ ተቸግሬያለሁ።

ፒያሳ ያለው ባለ አረንጓዴ ሌዘር ነው። ነጥቦቹ ደማቅ ናቸው፤ ካርቶኑ ላይ ግን የሌዘሩ ክላስ (የአደገኛነት ደረጃው) አልተጻፈም። ክላስ 2 ቢሆን ከ1 ሚሊዋት አያልፍም። ካልታወቀ ግን ትንሹ ልጅ አፍጥጦ ቢያየው ለዓይኑ ያሰጋል።

ሌላው በኤልኢዲ የሚሠራ፣ ዲስኩ (የሰማይ ምስል ያለበት ክብ ሳህን) የሚቀየርና ፎከሱ በእጅ የሚስተካከል ነው። ምስሉ ጥርት ይላል፤ ግን ክፍሉ ድቅድቅ ካላለ አይታይም። ዲስኩ ደግሞ የአውሮፓን ሰማይ ነው የሚያሳየው። ደሴ ላይ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ልጆቹ ወጥተው ቢያመሳስሉ አይገጥምላቸውም። (ይሄስ ይቅር።)

ኮርኒሱ 2.60 ሜትር ነው፤ በዚህ ርቀት ፎከሱ የሚይዝ አለ? መብራት ሲጠፋስ? ብዙ ፓወር ባንክ የሚሳበው ጅረት ትንሽ ሲሆን ራሱን ያጠፋል። የማይዘጋ የምታውቁ ጠቁሙኝ።