የመዝገብ ቁጥሩ «ኤፒኤም» ብሎ ያበቃል፤ ዳኛው ማናቸው? ወረቀትስ በምን ደንብ ይገባል?

አራዳ_አሌክሳንድሪያ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው የዋሽንግተን ዲሲውን የፌዴራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይመለከታል። የባል ቪዛ አዲስ አበባ ኤምባሲ ከኢንተርቪው በኋላ «አድሚኒስትሬቲቭ ፕሮሰሲንግ» ተብሎ ከሁለት ዓመት በላይ ቆሟል። ስቴት ዲፓርትመንት ላይ ያለ ጠበቃ ክስ ተከፍቶ 405 ዶላሩም ተከፍሏል። የተሰጠው ቁጥር «ኤፒኤም» በሚሉ ፊደላት ያበቃል፤ ዳኛ አሚት ሜታ ናቸው አሉኝ። እሳቸው ማናቸው? በኢሚግሬሽን ጉዳይስ እንዴት ናቸው? ጉዳዩ እንዲፋጠን ደብዳቤ ቢጻፍላቸው ያስኬዳል? መጥሪያውስ ለማን ለማን ነው የሚላከው? የሚያውቅ ሰው በዝርዝር ቢጽፍልኝ።

የመዝገብ_ሰው

እህቴ፣ ልክ ነሽ፣ ኤፒኤም የአሚት ፒ. ሜታ ስም መነሻ ነው። ከፊት ያለው 1 የዋሽንግተኑን ችሎት ያመለክታል፤ ቀጥሎ ዓመቱ፣ «ሲቪ» ማለት ፍትሐ ብሔር፣ ከዚያ ተራ ቁጥሩ። ከእንግዲህ በምታስገቢው ወረቀት ሁሉ ራስጌ ላይ ቁጥሩን ከነፊደላቱ ጻፊው።

ዳኛው በ1971 ሕንድ ውስጥ ጉጃራት፣ ፓታን በምትባል ከተማ ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ አሜሪካ ገብቶ ሜሪላንድ፣ ባልቲሞር አካባቢ አደጉ። በ1993 ከጆርጅታውን፣ በ1997 ከቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ተመረቁ። በዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በዳኛ ሱዛን ግሬበር ሥር በሕግ ረዳትነት ሠርተዋል። ከ2002 እስከ 2007 ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ተከሳሾች በሚቆመው የዲሲ የሕዝብ ተከላካይ ጠበቆች መሥሪያ ቤት ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ዙከርማን ስፔደር በሚባል የጥብቅና ድርጅት ሠሩ። ፕሬዚዳንት ኦባማ በ2014 አጯቸው፣ ሴኔቱ በዚያው ዓመት ዲሴምበር አጸደቀላቸው። ሹመቱ የዕድሜ ልክ ነው። በ2024 ኦገስት ጉግል በኢንተርኔት ፍለጋ ገበያ ሕገወጥ ሞኖፖሊ ይዟል ብለው የፈረዱት እሳቸው ናቸው።

በእኛ ሰው ዘንድ ስማቸው የገባው ግን ከዚያ በፊት፣ በዲቪ ነው። በ2020 ቪዛ መስጠት በቆመ ጊዜ «ጎሜዝ» በሚባለው መዝገብ ሴፕቴምበር 4 ቀን ስቴት ዲፓርትመንት የዲቪ 2020 ዕድለኞችን እንዲያስተናግድ አዘዙ፤ ኋላም 9,095 ቪዛ ከበጀት ዓመቱ ማብቂያ በኋላም እንዲቀመጥ ወሰኑ። ይህን አንብበሽ «የሚያዝን ዳኛ ደረሰኝ» ብለሽ አትዘናጊ። ዲቪ ሴፕቴምበር 30 ላይ የሚሞት በመሆኑ ጥድፊያው ከሕጉ ራሱ የመጣ ነበር፤ የትዳር ቪዛ እንዲህ ያለ ቀነ ገደብ የለውም። በዚያ ላይ የዲሲ ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በጁን 2024 «ጉድላክ» በተባለው ውሳኔ፣ በጀት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ፍርድ ቤት ቪዛ ማሰጠት አይችልም ብሎ ያንን ሽሮታል።

ዳኛ በዕጣ ነው የሚደርሰው፣ መርጦ መግባት የለም። «እሳቸው ዘንድ ተመሳሳይ ጉዳይ ነበር» ብሎ ተዛማጅ ነው ማለትም የሚሠራው ቀዳሚው መዝገብ ገና በፍሬ ነገሩ ላይ ክፍት ከሆነ ነው። በተዘጋ መዝገብ ላይ መንጠልጠል አይቻልም።

ደብዳቤውን ፈጽሞ አትጻፊ። የፍርድ ቤቱ የውስጥ ደንብ 5.1(ኤ) ዳኛው ራሳቸው ካልጠየቁ በስተቀር ተከራካሪ ለዳኛ ደብዳቤ እንዳይልክ፣ ወረቀትም እሳቸው ቢሮ እንዳያስቀምጥ ይከለክላል። የምትጠይቂው ነገር ካለ «ሞሽን» አድርገሽ በመዝገብ ቤት በኩል ነው። ምን እንደምትጠይቂ፣ ምክንያቱ፣ የሌላው ወገን አቋም፣ ከሥሩም ዳኛው የሚፈርሙበት የትእዛዝ ረቂቅ ይኖረዋል። የመንግሥት ጠበቃ ከተመደበ በኋላ እንደ ቀነ ገደብ ማራዘሚያ ያለ ሞሽን ከማስገባትሽ በፊት ጠበቃውን አነጋግረሽ ይስማማ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ የውስጥ ደንብ 7(ኤም)። ይህን ሳይጠቅሱ የሚገቡ ሞሽኖች በዚያ ብቻ ሊወድቁ ይችላሉ።

ሰርቲፋይድ_ሜይል

የዳኛው የሕይወት ታሪክ ጥሩ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ክስ የሚሞተው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖስታ ቤት ላይ ስለሆነ እኔ መጥሪያው ላይ ልቆይ።

የፌዴራል መንግሥት ሲከሰስ አንድ ፖስታ አይበቃም። በፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 4(አይ) መሠረት መጥሪያውና የክሱ ቅጂ ቢያንስ ሦስት ቦታ ይደርሳል። አንዱ በዲሲ ያለው የዩናይትድ ስቴትስ አቃቤ ሕግ ቢሮ ነው፤ በፖስታ ሲላክ ላዩ ላይ «ሲቪል ፕሮሰስ ክለርክ» ብለሽ ጻፊ። ሁለተኛው ጠቅላይ አቃቤ ሕጉ ነው፣ 950 ፔንሲልቬኒያ አቬኑ። ሦስተኛው የተከሰሰው መሥሪያ ቤት ወይም ሹም ነው፤ አምስት ሹም ከከሰስሽ አምስት ፖስታ። ተከሳሽ የማብዛት ልማድ ዋጋ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለውን ቆንስል ጭምር በስሙ መክሰስ ብዙ ጥቅም የለውም፤ ሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩና መድረሱ የሚረጋገጥበት ፖስታ) ደግሞ የአገር ውስጥ አገልግሎት ስለሆነ እዚያ ድረስ አይሄድም።

መጥሪያው «ኤኦ 440» የሚባለው ቅጽ ነው። ለእያንዳንዱ ተከሳሽ አንድ፣ ለሁለቱ አቃቤ ሕጎችም አንድ አንድ ሞልተሽ መዝገብ ቤቱ ማኅተምና ፊርማ ያደርግበታል። ማኅተም የሌለው መጥሪያ ቢላክ አልተላከም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፦ ላኪዋ አንቺ መሆን አትችዪም። ደንቡ የሚለው 18 ዓመት የሞላውና በክሱ ውስጥ ያልተካተተ ሰው ነው። ፖስታ ቤት ቆማ የምትልከው ጎረቤት ትሁን፣ ማረጋገጫውንም እሷ ትፈርም። ከሳሹ ራሱ የላከውን የዲሲ ዳኞች ጉድለት ነው ብለው ያውቃሉ፤ እንደገና መላክ ማለት ደግሞ ወር ማቃጠል ነው። አረንጓዴዋን የመመለሻ ካርድ ተቀብለሽ ወይም ከፖስታ ቤቱ ድረ ገጽ የደረሰበትን ቀን አትመሽ ከቃለ መሐላው ጋር መዝገብ ቤት አስገቢ። ካርዷ ስትመለስ ፊርማና ቀን እንዳላት እዪ፤ አንዳንዴ ማኅተም ብቻ ተመትቶባት ትመጣለች፣ ያኔ የድረ ገጹን መረጃ ጨምሪበት።

ሁሉም ክሱ ከተከፈተ በ90 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት። የመንግሥት 60 የመልስ ቀናት ደግሞ የሚቆጠሩት የዲሲው አቃቤ ሕግ ቢሮ ከተቀበለበት ቀን ነው፤ ስቴት ዲፓርትመንት ቀድሞ ቢደርሰው ሰዓቱ አይጀምርም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚላከው እሱ ይሁን።

ሌላም ወጥመድ አለ። መጥሪያን የመተው ስምምነት የሚባለውን ቅጽ (ኤኦ 398 እና 399) ከኢንተርኔት አውርደው የሚልኩ አሉ። እሱ ለግለሰብና ለድርጅት እንጂ ለመንግሥት አይሠራም፤ መልስ ስትጠብቂ 90 ቀኑ ያልቃል። መንግሥት በ60 ቀን ካልመለሰም «አሸነፍን» አይባልም። መንግሥት ላይ በሌለበት ለመፍረድ ዳኛው ማስረጃ አይተው ማመን አለባቸው።

ሕግ_ነክ_ዲሲ

ከላይ ያሉት ትክክል ናቸው። የምጨምረው ከመጥሪያው በኋላ ያለውን ነው፤ ትልቁ ክርክር እዚያ ስለሆነ።

በ60ኛው ቀን አካባቢ የሚመጣው መልስ ሳይሆን «ክሱ ይዘጋልን» የሚል ሞሽን ነው ማለት ይቻላል። ሞሽኑ ከገባ 14 ቀን አለሽ። ወረቀቱ የደረሰሽ በፖስታ ከሆነ 3 ቀን ይጨመራል፣ በኤሌክትሮኒክ ከሆነ አይጨመርም። የመጀመሪያውን ቀን አትቁጠሪ፤ ቅዳሜና እሑድ ይቆጠራሉ፤ የመጨረሻው ቀን በዓል ወይም ቅዳሜና እሑድ ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሸጋገራል። ዝም ካልሽ የውስጥ ደንብ 7(ቢ) ዳኛው «ተስማምታለች» ብለው እንዲዘጉት ይፈቅዳል። ጠበቃ ለሌለው ተከራካሪ የዲሲ ዳኞች ይህንን አስቀድመው የሚያስጠነቅቁበት «ፎክስ» የሚባል ትእዛዝ አላቸው፤ ከደረሰሽ እንደ ተራ ማስታወቂያ አትዪው፣ የመልስሽ ቀን ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መቃወሚያሽ እስከ 45 ገጽ ይፈቀዳል፤ 12ቱ ጥሩ ገጾች ግን ከ45ቱ ይበልጣሉ።

የመንግሥት ሞሽን ይዘት የታወቀ ነው። አንደኛው «ካሪሞቫ» ነው፤ ይግባኝ ሰሚው በ2024 ለሕትመት ባልወጣ ውሳኔ፣ ቪዛው በኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 221(ጂ) «ተከልክሏል» ከተባለ ቆንስሉ እንደገና እንዲወስን የሚያስገድድ ግልጽ ግዴታ የለም ያለበት። ለሕትመት ያልወጣ ስለሆነ ከታች ያሉት ዳኞች አንዳንዶቹ ይከተሉታል፣ አንዳንዶቹ አይከተሉትም። ኤምባሲው የሰጠውን ወረቀት አውጥተሽ ቃሉን እዪ። «ተጨማሪ ማጣሪያ ላይ ነው»፣ «ይህን ሰነድ አምጣ» የሚል ካለበት ሰነዱ የቀረበበትን ቀን ጨምረሽ በክሱ ውስጥ ይግባ። ሁለተኛው «ትራክ» የሚባሉት ከ1984 የመጡ ስድስት የመዘግየት መመዘኛዎች ናቸው። መንግሥት ሁልጊዜ የሚሮጠው ወደ አራተኛው ነው፦ «ይህን ካስቀደምን ሌላው ወረፋ ይዘለላል»። የይግባኝ ሰሚው የ2023 «ዳ ኮስታ» ውሳኔ ይህን ክርክር አጠንክሮላቸዋል። ለዚህ «ሁለት ዓመት ብዙ ነው» ብቻ በቂ አይደለም። የልጅ ሕክምና፣ የቤት ኪራይ፣ የተቋረጠ የእርግዝና ክትትል፣ ምን እንደደረሰ በቀንና በሰነድ አሳዪ። ክሱ ላይ ይህ ከሌለ በክስ ማሻሻያ መጨመር ይቻላል፤ መንግሥት ሞሽኑን ካስገባ በኋላም 21 ቀን ያለ ፈቃድ ማሻሻል ይፈቀዳል።

አንድ ማስተካከያ፦ ክሱ ዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን ማመልከቻ የሚያየው መሥሪያ ቤት) ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዲሲ መክፈት አደጋ ነበረው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ወደ ካምፕ ስፕሪንግስ፣ ሜሪላንድ ስለተዛወረ እንዲህ ያሉ መዝገቦች ወደ ሌላ ዲስትሪክት ይላካሉ። ስቴት ዲፓርትመንት ግን ዲሲ ነውና ችግር የለም።

መዝገቡን ራስሽ ተከታተዪ። ዳኞች «ሚኒት ኦርደር» የሚባል አጭር ትእዛዝ መዝገቡ ላይ በጽሑፍ ብቻ ያሰፍራሉ፤ የሚከፈት ሰነድ የለውም፣ ቁጥርም የለውም። ሰው ሰነድ ሲፈልግ ትእዛዙን ያልፈዋል። ፔሰር (የፌዴራል ፍርድ ቤት መዝገብ በኢንተርኔት የሚታይበት) አካውንት ክፈቺ፤ በገጽ 10 ሳንቲም፣ ለአንድ ሰነድ ቢበዛ 3 ዶላር ነው፤ በሦስት ወር ከ30 ዶላር ካልበለጠ አይከፈልም። በኤሌክትሮኒክ ለማስገባት ደግሞ ጠበቃ የሌለው ሰው ፈቃድ ይጠይቃል፦ ኢንተርኔት እንዳለሽና የመዝገብ ቤቱን የመስመር ላይ ሥልጠና እንደጨረስሽ የሚገልጽ ሞሽን ነው። ዳኛው ቋሚ ትእዛዝ መዝገቡ ላይ ካወጡ ከሁሉ በፊት እሱን አንብቢ፤ ከውስጥ ደንቡ የጠበቀ ነገር ሊኖረው ይችላል።

አራዳ_አሌክሳንድሪያ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ባልም ከሳሽ ተብሎ ስሙ ገብቷል፣ ፊርማው ግን የሚስት ብቻ ነው። የጋብቻ ወረቀቱና የእሱ ቃልም በአማርኛ ናቸው። ችሎት ካለ አስተርጓሚ ይሰጣሉ?

የመዝገብ_ሰው

ፊርማው ችግር ነው። ጠበቃ ያልሆነ ሰው ለራሱ እንጂ ለሌላ አይከራከርም፣ ለትዳር አጋሩም ቢሆን። ወይ እሱም ይፈርም፣ ወይ ክሱ ተሻሽሎ ሚስት ብቻ ትቅረብ፤ ሁለተኛው ይቀላል። የመጀመሪያው ወረቀት ራስጌ ላይም ሙሉ የመኖሪያ አድራሻ ያስፈልጋል፣ ቤት ከቀየርሽ በ14 ቀን ውስጥ አሳውቂ። የባንክ ቁጥር መጨረሻ አራቱን ብቻ፣ የልደት ዓመቱን ብቻ፣ የልጅ ስም መነሻ ፊደሉን ብቻ ጻፊ። በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰነዶቹ ለውጭ ሰው በኢንተርኔት አይከፈቱም፣ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር ግን ማንም ያያቸዋል።

አስተርጓሚ፦ ፍርድ ቤቱ በራሱ ወጪ የሚያቀርበው መንግሥት በከፈተው ክስ ነው። አንቺ በከፈትሽው የምታመጪው አንቺ ነሽ። እርግጥ እንዲህ ያለው ጉዳይ በጽሑፍ ስለሚያልቅ ችሎት ላይኖር ይችላል።

ሰርቲፋይድ_ሜይል

ትርጉሙን በተመለከተ፦ አማርኛው ኮፒ፣ እንግሊዝኛው፣ ከዚያ ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ሙሉና ትክክል እንደሆነ የፈረመበት ገጽ፣ ሦስቱ አንድ ላይ ይታሰሩ። የባልሽ ቃል ኖታሪ አያስፈልገውም፤ በሕጉ ክፍል 28 አንቀጽ 1746 መሠረት «በሐሰት ብመሰክር እንደምቀጣ አውቃለሁ» የሚል ቃል ይበቃል። ግን የሚፈርመው አዲስ አበባ ሆኖ ነውና «በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ሕግ መሠረት» የሚለው ሐረግ የግድ ይግባበት፤ አሜሪካ ውስጥ ለሚፈርም ሰው የተዘጋጀው ናሙና ይህ የለውም፣ ሰዎችም እሱን ነው የሚገለብጡት። ቀኑንም በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ። በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ የተፈረመው ከኢንተርቪው ብዙ ዓመት በፊት ይመስላል፣ የመንግሥት ጠበቃም ያንን አያልፈውም።