አክስቴን አንድ ቅዳሜ አራት ኪሎ ዙሪያ የት የት ላድርሳቸው?

የወሎ ልጅ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። አክስቴ ከደሴ እየመጡ ነው፤ የሚያርፉት እኔ ጋ አራት ኪሎ ነው። «የምኒልክን ግቢና ወንዝ ዳር የተሠራውን መናፈሻ ሳላይ አልመለስም» ብለዋል፤ ቲቪ ላይ አይተውት። ያለን አንድ ቅዳሜ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ዳገት አይሆንላቸውም። ከየት ልጀምር?

ቀበና ማዶ
ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች ውረጂ። ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ባንተይቀጡም ከእንጦጦ በኩል ነው የሚወርዱት። እዚህ ከተማ ወንዝ ዳር ወርደሽ ስትመለሺ ዳገት መውጣትሽ አይቀርም። ከአራት ኪሎ ከተነሳችሁ ግን ግቢው፣ ወዳጅነት ፓርክ፣ ፍልውሃ፣ ሁሉም ቁልቁል ነው። ጠዋት በዓታን ተሳለሙ። ምኒልክ፣ ጣይቱና ዘውዲቱ ያረፉት እዚያ ነው። ለአክስትሽ ከፓርኩ ሁሉ እሱ ሳይበልጥባቸው አይቀርም።

እማማ ጤና
ኧረ ተው! የታመመ ጉልበት ላይ ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል። እናቴ ዳገቱን እያረፈች ትወጣለች፣ ስትወርድ ግን ክንዴን አንቃ ነው። ቅደም ተከተሉ ጥሩ ነው፣ በእግር ግን አይሁን። ከቦታ ቦታ ራይድ ጥሪ፤ ቅርብ ስለሆነ ሾፌሩ ቅር ሊለው ይችላል፣ ይበለው። ጉልበታቸውን ለውስጡ አስቀምጪላቸው፤ አንድነት ፓርክ ብቻውን ብዙ ያስኬዳል።

የግቢ ጎረቤት
አንድነት ፓርክ ማለት ያው የምኒልክ ግቢ ነው፤ በ2012 ለሕዝብ የተከፈተው። ሁሉን ልይ ካላችሁ ይመሻል። መጀመሪያ ግብር ይበላበት የነበረውን አዳራሽ አሳዪያቸው። እዚያ ውስጥ ቆመው ጣሪያውን ቀና ብለው ሲያዩ፣ ስንት ሰው ይቀመጥ እንደነበር ራሳቸው ይገምቱ። እንቁላል ቤት የሚባለውን የምኒልክን ፎቅ ቤት ከውጭ ይዩት፣ ደረጃ አታስወጫቸው። ከዚያ ባለጥቁር ጋማ አንበሶቹ። የክልሎቹን ቤቶች ከደከማቸው ዝለሉት፤ እኔ በበኩሌ ብዙም አልማረከኝም። መታወቂያ ያዙ፣ ፍተሻ አለ። ክፍት መሆኑንና የመግቢያውን ዋጋ ቀድመሽ ጠይቂ፤ ይቀያየራል።

ባንተይቀጡ
ስለ ወንዙ እውነቱን ልናገር። ወዳጅነት ፓርክ ያለው ትልቁ ውሃ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ወንዞቻችን ራሳቸው የከተማውን ቆሻሻ ተሸክመው ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ነው የሚወርዱት። ዳርዳራቸው አምሯል፣ ሽታው ግን አንዳንድ ቦታ አሁንም አለ። አክስትሽ የቦርከናን ዳር ስለሚያውቁ ብዙ አይገርማቸውም። ፓርኩን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ ፀሐዩ ይበርዳል። እስኪመሽ ከቆያችሁ መብራቱና ፏፏቴው አለ። ክረምት ከሆነ ግን ከሰዓት ዝናብ ስለማይታመን ፓርኩን ጠዋት አስቀድሙ።

ፒያሳ
የዓድዋ ድል መታሰቢያስ? በ2016 ነው የተመረቀው፤ ጊዮርጊስም አጠገቡ ነው። ወሎዬ ሆነው ሳያዩት ቢሄዱ ያስቆጫል። ለዓድዋ ጦርነት ሰበብ የሆነው የውጫሌ ውል የተፈረመው እኮ ወሎ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ ነው!

እማማ ጤና
ፒያሳ ሌላ ቀን። አንድ ቀን ላይ አራት ቦታ ስትደርቢ ሴትየዋ ያዩት የታክሲ መስኮት ብቻ ይሆናል።

የወሎ ልጅ (ጠያቂ)
አመሰግናለሁ፣ ኑሩልኝ። በዓታ፣ ግቢው፣ ምሳ፣ ወዳጅነት። ፒያሳን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እሞክራለሁ። አክስቴ ፍልውሃ መታጠብም አምሯቸዋል። በዚያው ቀን ይሆናል?

ቀበና ማዶ
ጣይቱም ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ ከተማዋም በ1879 የተቆረቆረችው በዚሁ ፍል ውሃ ሰበብ ነው፤ ማማራቸው አይገርምም። ግን በዚያው ቀን አይሁን። ታጥበው ወጥተው መናፈሻ ሲቀመጡ ብርድ ይመታቸዋል። ሰኞ ጠዋት ውሰጃቸው፣ ከዚያ ቀጥታ ቤት። አገልግሎት መኖሩን ደውለሽ አረጋግጪ፣ ነጠላቸውን ብቻ ሳይሆን ጋቢም ያዢላቸው።