የጅቡቲው ረቂቅ፦ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ?

ጸሐፊ (ደሴ)፦
ሰላም ናችሁ? በጅቡቲ በኩል ስለሚሰደዱ ልጆቻችን የምናቀርበውን የጥያቄ ረቂቅ አየሁት። «የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጸጥታ ትብብር ይጠናከር» የምትለዋ ትውጣ። እሷን ሚኒስትሮቹም በየመግለጫቸው ይጽፏታል። የጋራ ኮሚሽን አላቸው፣ የድንበር አስተዳዳሪዎቹም ይገናኛሉ። እኛ እነሱ የማያዩትን እንጨምር።

ሾፌሩ (ኮምቦልቻ)፦
ልክ ብለሃል ወንድሜ። እኔ በሚሌ አድርጌ እስከ ድንበሩ ጋላፊ ስመላለስ የጫንኩት ዕቃ ማኅተም አለው፣ ከጅቡቲ ወደብ ወጥቶ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እስኪገባ ድረስ የት እንደደረሰ ይታወቃል። በመንገዱ ዳር የሚሄደው ልጅ ግን የትም አልተመዘገበም። አንዴ አንዱ ባዶ ሃይላንድ እያወዛወዘ አስቆመኝ። «ከየት ነህ?» ስለው «ከሐርቡ»። ጫማው በሲባጎ ታስሯል። ብጭነው ደላላ ልባል ነው። ውሃ ሞልቼለት ሄድኩ፣ እስካሁን ይከነክነኛል።

እህት ከባቲ፦
ጋሼ፣ ይቺን ረቂቁ ውስጥ ጻፏት። የኔ ነጥብ ሌላ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ድንበር ማዶ በደላሎች ተይዞ «ማስለቀቂያ ክፈሉ» ተብሎ ስልክ ተደወለ፣ ልጁ ያለቅሳል። ብሩ የሚገባው ግን እዚሁ አገር ውስጥ በተከፈተ ሂሳብ ነው! ላሚቱ ሰኞ ገበያ ተሸጠች፣ ማክሰኞ ብሩ ገባ። አባትየው ሊያመለክት ቢሄድ «ወንጀሉ የተፈጸመው ውጭ ነው» ብለው መለሱት። የማዶው ፖሊስ ደግሞ የሂሳብ ቁጥሩን ከየት ያውቃል? ልጁ እዚያ፣ ብሩ እዚህ፣ ጉዳዩ መሐል ላይ ቀረ። እና እንጠይቅ፦ የሂሳብና የስልክ ቁጥሩ ከዚህ ፖሊስ እዚያ ፖሊስ ዘንድ በስንት ቀን ይደርሳል? ማንስ ነው የሚያደርሰው?

ጸሐፊ፦
ይሄ አንደኛ ጥያቄያችን ይሁን። ሕግ አልጠፋም፣ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012 አለ።

ወጣት ከወልዲያ፦
የድንበር ጥበቃውስ? ኬላው ካልጠበቀ ሁሉም ከንቱ ነው ባይ ነኝ።

ሾፌሩ፦
ኬላ ሲጠብቅ ልጆቹ አስፋልቱን ትተው በረሃውን ይይዛሉ እንጂ አይመለሱም። በዚያ ሙቀት! ደላላው ዋጋ ይጨምርበታል፣ በቃ።

ሐጂ (መርሳ)፦
ልጆቼ፣ የሞተውንስ? በ2016 ለኢድ ሁለት ቀን ሲቀረው ጅቡቲ ጎዶሪያ አጠገብ ጀልባ ሰጥሞ 38 ሰው አለቀ፣ ያውም ከየመን ሲመለሱ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ደግሞ ሌላ ሰጠመ። ያን ሰሞን እዚህ ልጁ የሄደበት ሁሉ ስልኩን ጨብጦ ነው የዋለው። የሟች ስም ከኤምባሲው እስከ ቀበሌ ይምጣልን። ሶደቃውም ተዝካሩም ሞቱ ካልታወቀ አይወጣ፣ መርዶ በፌስቡክ ሆነ እኮ።

ወጣት ከወልዲያ፦
እሺ፣ የኬላውን ትቼዋለሁ። የሐጂ ይግባ።

ጸሐፊ፦
ሁለት ጥያቄ በቂ ነው፣ ከበዛ አያነቡትም። የባቲዋ እህታችን፣ የብሩን ነገር የማንንም ስም ሳትጠቅሺ በአንድ ገጽ እስከ ሐሙስ ላኪልኝ። ሐጂ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ማታ ከመግሪብ በኋላ እደውላለሁ። እሑድ ስንገናኝ መብራት ስለማይታመን አትሜ ነው የምመጣው።