ነፋስ የጣለውን ዛፍ እናንሣው ወይስ እንተወው?

ጥያቄ (የዳገቱ ልጅ)
ሰላም ወገኖች። ሰፈራችን ከአንድ ጥብቅ ደን ግርጌ ነው። በዝናቡ ወቅት አውሎ ነፋስ መጥቶ ብዙ ዛፍ ገነደሰ። አሁን ደረቁ ወቅት እየደረሰ ነው። ግማሹ ሰው «ሰደድ እሳት ሳይመጣ ሁሉም ይጠረግ» ይላል። ደን ጠባቂዎቹ ደግሞ «የወደቀ ግንድ ለአፈሩም ለወፎቹም ያስፈልጋል፣ እንዳትነኩት» ይላሉ። እኔ ኮሚቴ ውስጥ ስላለሁ ከሁለቱም ወገን እሰማለሁ። ያለን የሰው ጉልበት ትንሽ ነው። ከየት እንጀምር?

ጉቶ
ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ እንጨት ነው። እሳት ቶሎ የሚያስፋፋው ጭራሮው፣ ደረቅ ቅጠሉና ከአውራ ጣት የማይወፍረው ቅርንጫፍ ነው። እሱ በጥቂት ቀን ፀሐይ ይደርቃል። ወፍራም ግንድ እርጥበቱን ለወራት ይይዛል። ስለዚህ ቅርንጫፉን መልምላችሁ አውጡ፤ ግንዱን ለተዳፋቱ አግድም አስተኙት፣ አፈርም ይይዝላችኋል። ለሰፈሩ ከቀረበው ክፍል ግን ግንዱም ቢነሣ ይሻላል። በፍሎሪዳ «ማይክል» የተባለው አውሎ ነፋስ በጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) የጣለው ደን በመጋቢት 2022 ለትልቅ ሰደድ እሳት ማገዶ ሆኗል። «ይህን ወቅት ካለፍን ተረፍን» እንዳትሉ።

ቆርቆሮ
እኔ ብሆን ከደኑ በፊት ከቤቱ እጀምራለሁ። ብዙ ቤት የሚቃጠለው ነበልባሉ ደርሶበት ሳይሆን ነፋስ ተሸክሞ ባመጣው ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪ ከኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ላይ አንዷ ካረፈች በቂ ነው። አሸንዳችሁን ጥረጉ። ከግድግዳው እስከ 1.5 ሜትር ድረስ የሚቀጣጠል ነገር አይኑር። የማገዶ ቁልሉን ቢያንስ 10 ሜትር አርቁት። ግድግዳ ላይ የተደገፈ ማገዶ ሳይ ሁሌም ይጨንቀኛል።

የዳገቱ ልጅ
እኛ እኮ ከታች ነን። እሳት ሽቅብ አይደል እንዴ የሚሮጠው?

ጉቶ
ነው፣ ግን አትዘናጉ። ነፋሱ ከተራራው ወደ ታች ከነፈሰ እሳቱንም ይዞት ይወርዳል። በሃዋይ ላሃይና በነሐሴ 2023 የሆነው ይኸው ነው። ቁልቁል የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ በደረቀ ሣር ላይ የተነሣውን እሳት ከተማው ውስጥ ከተተው፤ ከ100 በላይ ሰው ሞተ። የሚንከባለል ፍምም አለ። ደግሞም ከሰፈራችሁ የተነሣ እሳት ደኑን ሽቅብ ይበላዋል።

ፈጣኑ
ምን ያደክማችኋል? ጭራሮውን ቆልላችሁ አቃጥሉት፣ አለቀ።

ቆርቆሮ
ኧረ ተው! ደረቁ ወቅት ደጅ ላይ ቆሞ? የሚቃጠል ከሆነ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ፈቃድ ተይዞ፣ ውሃና ሰው ቆሞ ነው። ያ ጊዜ ካለፈ ጭራሮውን ከትክታችሁ ከቤት ራቅ ያለ ቦታ ማበስበስ ይሻላል። የተዳፈነ ፍም በማግስቱ ነፋስ ሲነካው እንደገና ይነሣል።

መንገደኛ
ስለ ሰዉስ ማንም አላነሣም። በፖርቱጋል ፔድሮጋው ግራንዴ በሰኔ 2017 (እ.ኤ.አ.) በሰደድ እሳት ከሞቱት 66 ሰዎች ብዙዎቹ በመኪና ሲሸሹ መንገድ ላይ ነው የቀሩት። በዓመቱ አገሪቱ ለየመንደሩ ፕሮግራም አወጣች፦ አንድ ኃላፊ፣ አንድ የታወቀ መጠለያ፣ ምልክት ያለው መውጫ መንገድ፣ ልምምድ። እናንተም ሽማግሌና ሕመምተኛ ያለበትን ቤት መዝግቡ፤ ማን ማንን እንደሚያወጣ ከአሁኑ ይታወቅ። ዛፍ የዘጋው መንገድ ካለ ጭራሮውን ትታችሁ መጀመሪያ እሱን ክፈቱ።

የዳገቱ ልጅ
ተባረኩ። አንዱ መውጫችን በእርግጥም በግንድ ተዘግቷል፣ ከእሱ እንጀምራለን። መጠለያ ሊሆን የሚችለው አዳራሽ ግን ሁሌ ተቆልፎ ነው የሚውለው።

መንገደኛ
ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይቀመጥ፤ ቤታቸው ለየብቻ አቅጣጫ ይሁን። በዙሪያው ያለውን ሣርም እጨዱ።