ጥቆማ፦ የቻይና ቡፌ ወይስ ከሜኑ የሚታዘዝበት ቤት?

የቤቱ ታላቅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ከቤተሰብ ጋር አንድ የቻይና ቡፌ ገብተን ነበር። ስሙ ይቅር። ሲያዩት ዓይን ይሞላል፤ ቀዩ ፋኖስ፣ የዓሣው ገንዳ፣ ከዳር እስከ ዳር የተደረደረው ምግብ። ሲቀመስ ሌላ ነው። ዶሮው ላዩ ርሶ ውስጡ ደርቋል። ኑድልሱ ከመጣበቁ የተነሳ ትንሽ ላንሳ ስል ግማሹ ትሪ ተከተለኝ። ስፕሪንግ ሮሉ ዘይት ጠጥቷል። የሽሪምፑ ትሪ ባዶ ነበር። «አሁን ይመጣል» አሉን፤ ሂሳብ ከፍለን ስንወጣም አልመጣም። ልጆቹ አይስክሬም በልተው ወጡ።

በቅርቡ ደግሞ እማዬን ይዘን ልንወጣ ነው። ጨው ቀንሺ ተብላለች። ሌላ ቡፌ ልሞክር ወይስ ከሜኑ ማዘዝ ይሻላል? ሁለቱንም የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ሁለተኛ ዙር፦
እኔ የምሄድበት ቡፌ ይሻላል። ለዓመታት ደንበኛ ነኝ። አስተናጋጆቹ ገና በር ላይ ሲያዩኝ ሻዬን ያዘጋጃሉ። ሌላ ቦታ አትድከሚ።

ሩዝ አልበላም፦
የእኔን ስሙኝማ! ቡፌ በላሁ፤ ቤት በገባሁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሰኝ ጀመር። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ አደርኩ። ሲነጋ ስደውል ሥራ አስኪያጁ «ሌላ ሰው ቅሬታ አላቀረበም» ብሎ ዘጋብኝ። ከሕመሙ ይልቅ ንቀቱ ነው ያንገበገበኝ።

ባለ ሹካ፦
እግዚአብሔር ይማርህ። ሽሪምፑ ነው አይደል?

ሩዝ አልበላም፦
ሽሪምፕ አልነካሁም። ሩዝና አትክልት ብቻ።

ምላሰ ረጅም፦
ቡፌ ገብተህ፣ ሙሉ ዋጋ ከፍለህ፣ ሩዝ? ባለቤቱ እኮ ፎቶህን ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይገባል።

ላቦራቶሪ፦
ቀልዱ ይቆየንና ሩዝ ሊሆን ይችላል። ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ስፖሩ፣ ማለትም ሙቀት የሚቋቋመው ዘሩ፣ ሩዙ ሲቀቀል አይሞትም። የበሰለው ሩዝ ለብ ብሎ ረጅም ሰዓት ሲቀመጥ ይራባል፤ መርዝም ያመነጫል። ያንን መርዝ ደግሞ መልሶ ማሞቅ አያጠፋውም። ከተበላ በኋላ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማስመለስ የተለመደ ምልክቱ ነው።

ጓዳ ሙሉ፦
ለምን ቤት አትሠሩትም? በጣም ቀላል ነው። የትናንት ሩዝ፣ እንቁላል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ትንሽ ሶይ ሶስ። መጥበሻው እስኪጨስ ይጋል።

ምላሰ ረጅም፦
የትናንት ሩዝ! ላቦራቶሪ አሁን የጻፈውን አላየሽም መሰለኝ።

ላቦራቶሪ፦
እንደበሰለ ቶሎ ቀዝቅዞ ፍሪጅ የገባ ከሆነ ችግር የለውም። እንዲያውም ደረቅ ስለሚል ሲጠበስ አይጣበቅም። ችግሩ ምድጃ ላይ ያደረው ነው።

ባለ ሹካ፦
ለእኔ ጥፋቱ ያ የቻይና ጨው የሚሉት ማጣፈጫ ነው። እሱን ስበላ ራሴን ያመኛል።

ላቦራቶሪ፦
እሱማ በ1908 እ.ኤ.አ. ኪኩናዬ ኢኬዳ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት ከባሕር አረም ሾርባ ለይቶ ያወጣው ነው። ስሙ የጠፋው በ1968 እ.ኤ.አ. አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ከወጣ ደብዳቤ በኋላ ነው። ቆይቶ በተደረጉ ሙከራዎች በምግብ ውስጥ በሚገባው መጠን ያን ያህል ጉዳት አልተገኘበትም። ዋናው ንጥረ ነገሩ ግሉታሜት ቲማቲምም አይብም ውስጥ አለ።

የሩቅ ምሥራቅ፦
ወገኖች፣ ቡፌ ላይ ያለውን ሁሉ «የቻይና ምግብ» ብላችሁ አትጥሩት። ለምሳሌ ጄኔራል ጾ የሚባለውን ጣፋጭ ዶሮ እንይ። የቻይናዋ ሁናን ግዛት ተወላጅ የሆነ ሼፍ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ታይዋን ውስጥ የፈጠረው ነው። ስኳሩ በዝቶ የታወቀው በኋላ ኒው ዮርክ ሲደርስ ነው። ሁናን ሄዳችሁ ብትጠይቁ ባህላዊ ምግባችን ነው የሚላችሁ የለም።

ሁለተኛ ዙር፦
ሁናን የት እንደሆነ አላውቅም። ዶሮው ግን ይጥማል።

የኩሽና ሰው፦
የቤቱ ታላቅ፣ ያንቺን ጥያቄ የመለሰ ሰው አላየሁም። ቡፌ ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ፣ የማውቀውን ልንገርሽ። የተጠበሰ ነገር ትሪ ላይ አይቆይም። ከሥሩ የሚፈላው ውሃ እንፋሎት ቅርፊቱን ያረጥበዋል፤ ከላይ ማሞቂያው መብራት ሥጋውን ያደርቀዋል። ያንቺ ዶሮ ታሪኩ ይኸው ነው። ስለዚህ ቡፌ ከሄድሽ ሰው በሚበዛበት ሰዓት ሂጂ። ገና ሳትቀመጪ መስመሩን ዞረሽ እዪ። ትሪው ትልቅና ጢም ያለ ከሆነ አትደሰቺ፤ ትንሽ ትሪ ቶሎ ቶሎ ሲቀየር ነው ጥሩው። አዲሱን በአሮጌው ላይ ሲገለብጡ ካየሽ ውጪ። ትኩስ ምግብ ቢያንስ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ሲጨለፍ እንፋሎት የማይወጣውን እለፊው።

ለእናትሽ ግን ከሜኑ እዘዢ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ ወደ 900 ሚሊግራም ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን) አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2000 በታች ነው የሚመክረው። ቡፌ ላይ ሁሉም ተለውሶ ነው የሚቀርበው፣ ማስቀነስ አትችዪም። ከሜኑ ሲሆን በዝንጅብል በእንፋሎት የበሰለ ዓሣ አዝዘሽ፣ ሶሱን ለብቻው አምጡልን ትያለሽ።

ሩዝ አልበላም፦
ሥራ አስኪያጁን ግን የት ነው መክሰስ የሚቻለው?

የቤቱ ታላቅ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ የኩሽና ሰውን። ለእህቴ ልኬላታለሁ። እሷ ደግሞ የጣሊያን ምግብ ትላለች።

ባለ ሹካ፦
የጣሊያን ከሆነማ እኔ የማውቀው ቤት አለ!

ሁለተኛ ዙር፦
እኔ ዛሬም እዚያው ቡፌዬ ነኝ። ዶሮው ትንሽ ደረቅ ብሏል፤ ሶስ ሲጨመርበት ምንም አይል።