መቂ አካባቢ ላሉ ቤተሰቦቼ የትኛውን የውሃ ማጣሪያ ልግዛ?

የፒያሳው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የምሠራው ፒያሳ ነው፤ እናቴና የወንድሜ ልጆች ግን ከመቂ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው የሚኖሩት። የሚጠጡት ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር ተስቦ ቦኖ ላይ የሚሸጠውን ውሃ ነው፤ የአህያ ጋሪ በጀሪካን ያመጣላቸዋል። ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፣ ሽታም የለውም። የልጆቹ ጥርስ ግን ገና ሲወጣ ጀምሮ ቡናማ ነው፤ ትልቋማ ፎቶ ስትነሣ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። መርካቶ ባለ ሁለት ባልዲ የሴራሚክ ማጣሪያ አይቻለሁ፤ ለበዓል ስሄድ ልያዝላቸው ወይስ አፍልተው ይጠጡ? የምታውቁ እባካችሁ።

ውሃ መርማሪ
ወንድሜ፣ ብሩን ለጊዜው ያዝ አድርገው። የምትለው ነገር ፍሎራይድ ይመስላል፤ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የማይታይ፣ ሲበዛ የልጆችን ጥርስ የሚያበላሽ ማዕድን ነው። የስምጥ ሸለቆው ዐለት ከእሳተ ገሞራ የመጣ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ደግሞ ብዙ ቦታ ካልሲየም ስለሚያንሰው ፍሎራይዱ ሳይዘቅጥ ሟሙቶ ይቀራል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ እዚያ አካባቢ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጉድጓዶች አሉ።

ሴራሚክ ጀርም ይይዛል፣ የሟሟ ነገር ግን ሰተት ብሎ ያልፈዋል። ክሎሪንም አይነካውም። ማፍላትማ ጭራሽ ያባብሰዋል፤ ውሃው ተንኖ ይሄዳል፣ ፍሎራይዱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ አስመርምር። ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይበቃል (ብርጭቆ አይሁን)፤ በዚያው ውሃ ሦስቴ አለቅልቀህ ሙላና ቦታውንና ቀኑን ጻፍበት። ለፍሎራይድ በረዶ ምናምን አያስፈልግም። ጀርም ለማስመርመር ከሆነ ግን ሌላ ነው፦ ከላብራቶሪ የተወሰደ ስተራይል (ከጀርም የጸዳ) ጠርሙስ፣ በበረዶ ተይዞ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት።

የፒያሳው
እግዜር ይስጥልኝ። የት ልውሰደው?

ጉለሌ
ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ ያለው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ውሃ ይመረምራል፤ ከፒያሳም ሩቅ አይደለም። ከግለሰብ ይቀበሉ እንደሆነና ዋጋውን አስቀድመህ በስልክ ጠይቅ፣ አለበለዚያ ጠርሙስ ታቅፈህ ትመለሳለህ። ደግሞ ከአንድ ቦኖ ብቻ አታምጣ። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች እንኳ በጣም ሊለያዩ ይችላሉ። የአንዱ ፍሎራይድ ዝቅ ያለ ሆኖ ከተገኘ የጋሪውን ልጅ ትንሽ ጨምረህለት የሚጠጣውን ከዚያ ያምጣ፤ ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ይሄ ነው። ውጤቱን ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትም ኮፒ ስጥ፣ ጎረቤቶቻችሁም የሚጠጡት እኮ ያንኑ ነው።

የወንጂ ልጅ
የኔ ጥርስ ምስክር ነው፣ ያደግኩት ወንጂ ነው። የትልቋ ጥርስ ያንን ውሃ መጠጣት በመተው አይመለስም፤ የጥርስ ሐኪም ግን መልኩን ሊያስተካክልላት ይችላል። ሩጫው ከ8 ዓመት በታች ላሉት ነው፣ ቋሚ ጥርሳቸው ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለው አሁን ነውና። ለአዋቂውም ቢሆን ነገሩ ጥርስ ብቻ አይደለም፤ መጠኑ በጣም ከፍ ያለ ውሃ ለብዙ ዓመት ሲጠጣ አጥንትና መገጣጠሚያ ግትር ያደርጋል። ሻይ ቅጠልም የራሱ ፍሎራይድ አለው፣ ስለዚህ ለሕፃናቱ ሻይ አታብዙባቸው።

የፒያሳው
አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ አለ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ ስነግራት «በጾም የአጥንት ውሃ ልታጠጣኝ ነው?» አለችኝ፣ እዚያው ላይ ቆመ።

ውሃ መርማሪ
ይሠራል፣ እውነት ነው። የከብት አጥንት ብዙ አየር ሳያገኝ ተቃጥሎ ይፈጫል፣ ውሃው በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን ይይዘዋል። የጾሙን ነገር የነፍስ አባታቸውን ያናግሩ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ከሰሉ የሚይዘው ልክ አለው። ከሞላ በኋላም ውሃው እንደወትሮው ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ ፍሎራይዱ አብሮት። በየጊዜው የሚለካና የሚቀይር ሰው በሌለበት ቤት ባላስቀምጠው እመርጣለሁ። አር ኦ የሚባለው፣ ውሃውን በጣም በረቀቀ ወንፊት የሚያሳልፈው ማሽንም ፍሎራይድ ያወጣል፣ ግን ግፊት ያለው የቧንቧ ውሃ ይፈልጋል፣ ብዙ ውሃም ይደፋል። በጋሪ ለሚመጣ ውሃ አይሆንም።

ቆርቆሮ ሻጭ (መርካቶ)
የእናትህ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ነው ሳር?

የፒያሳው
ቆርቆሮ ነው፣ 40 ካሬ ይሆናል።

ቆርቆሮ ሻጭ (መርካቶ)
እንግዲያው ምን ማጣሪያ ያስፈልግሃል? የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል። በአንድ ካሬ ላይ 1 ሚሊሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። 100 ሚሊሜትር በዘነበበት ወር ከ40 ካሬ 4,000 ሊትር ይወርዳል፣ ሩቡ ባከነ ብትል እንኳ 3,000 ይቀርሃል። ስንት ናቸው? ስድስት ናቸው እንበል፤ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር፣ በቀን 30። ባለ 5,000 ሮቶ መስከረም ላይ ሞልቶ ከቆየ እስከ የካቲት ያደርሳቸዋል። ከዚያ በኋላ የበልጉን ጠብታ መጠበቅ ነው፣ ወይም የጋሪውን ውሃ ለአዋቂዎቹ፣ የሮቶውን ለሕፃናቱ መለየት። ለልብስና ለከብት የቦኖው ይበቃል።

አሸንዳው ወደ ሮቶው ያዘነበለ ይሁን። በጋውን ሙሉ ጣሪያው ላይ የተከማቸው አቧራና የወፍ ኩስ ታጥቦ እስኪሄድ የመጀመሪያዎቹን ዝናቦች ውጭ አፍስሷቸው። አፉን በወንፊት ሽቦ ሸፍነው፣ ብርሃን አይግባው፣ ቧንቧውም ከታች ይሁን እንጂ በጆግ እየጨለፉ አይቅዱ። ጀርሙን ደግሞ ውሃ አጋር ይጨርስልሃል፤ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጀሪካን ውስጥ ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

አንድ ነገር ግን፦ ርካሽ ነው ብለህ ከምናለሽ ተራ ያገለገለ በርሜል እንዳትገዛ። ውስጡ ምን ኬሚካል እንደነበረ ሻጩም አያውቅም።