ሦስቱን የስታር ዋርስ ፊልሞች (1999–2005) «ዝለሏቸው» ማለት ተገቢ ነውን?

የማታ ተመልካች (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ታናሽ እኅቴ የስታር ዋርስን ፊልሞች ማየት ልትጀምር አስባ ምክር ብትጠይቅ፣ ጓደኞቿ ሁሉ ከ1999 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. የወጡትን ሦስቱን እንድትዘላቸው ነገሯት። እኔ ደግሞ ከተከታታዩ ሁሉ አብልጬ የምወደው እነዚሁኑ፣ ማለትም «ዘ ፋንተም ሜነስ»ን (1999)፣ «አታክ ኦፍ ዘ ክሎንስ»ን (2002) እና «ሪቬንጅ ኦፍ ዘ ሲዝ»ን (2005) ነው።

ወቀሳዎቹን ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ። ምልልሱ ደረቅ ነው፤ የዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት የአናኪንና የፓድሜ ፍቅር አያሳምንም፤ አስቂኙ ፍጡር ጃር ጃር ቢንክስ ያሰለቻል፤ በኮምፒውተር የተፈጠረው ምስል በዝቷል ይባላል። ከሁሉም ይልቅ የሚደጋገመው ግን የጀብዱ ፊልም ስለ ቀረጥ፣ ስለ ንግድ መስመርና ስለ ምክር ቤት ስብሰባ ምን አገባው የሚለው ነው። እኔን የሳበኝ ደግሞ ይኸው ክፍል ነው።

ጆርጅ ሉካስ በ1977 በጀመረው ታሪክ ውስጥ ጨካኙን መንግሥት የምናገኘው ቆሞ፣ ታጥቆና ተደላድሎ ነው። እንዴት ለዚያ እንደበቃ የሚያሳዩን እነዚህ ሦስቱ ፊልሞች ናቸው፤ መልሳቸውም ከውጭ የመጣ ወራሪ ሪፐብሊኩን አፈረሰው የሚል አይደለም። የናቡ ሴናተር የሆነው ፓልፓቲን በስውር የንግድ ፌዴሬሽኑን አነሣሥቶ የገዛ ፕላኔቱን ያስከብባል፤ በአደባባይ ደግሞ ለተከበበችው ለንግሥት አሚዳላ (ለፓድሜ) መካሪ መስሎ፣ የሪፐብሊኩ መሪ ቻንስለር ቫሎረም የመተማመኛ ድምፅ እንዲነፈገው እንድትጠይቅ ይገፋፋታል፤ ወንበሩንም ይወርሳል። ጦርነት ሲያሰጋ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን የሚሰጠው ራሱ ምክር ቤቱ ነው። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት መመሥረቱን ሲያውጅ ሴናተሮቹ ያጨበጭባሉ፣ ፓድሜም ነጻነት በጭብጨባ ታጅቦ ሲሞት እያየች ትናገራለች። እያንዳንዱ እርምጃ ሕጋዊ መልክ አለው፤ የሚያስፈራኝም ይህ ነው።

ይህን ያህል የታሰበበት ታሪክ ለጀማሪ «ዝለዪው» ይባላልን? ወቀሳውን የምትጋሩም ብትሆኑ ምክንያታችሁን በዝርዝር ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

ደጀን፦

ጠያቂው ያነሡት ነገር ትክክል ነው፤ እኔም አንድ ልጨምርበት። ሉካስ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች እንደገለጸው፣ ሲያሰላስል የነበረው ስለ ሮም፣ ስለ ናፖሊዮን ፈረንሳይና ስለ ሂትለር ጀርመን ነው፤ ሕዝብ ሥልጣኑን በገዛ እጁ ለአንድ ሰው እንዴት እንደሚያስረክብ ማለት ነው። አውግስጦስ ቄሣር የሮምን ሴኔት አላፈረሰም፤ ሥልጣኑን ወስዶ ስሙንና አዳራሹን ተወለት። ፓልፓቲንም እንዲሁ ያደርጋል። ሴኔቱ ለይቶለት የሚበተነው በ1977ቱ ፊልም ውስጥ ነው፤ ይህም ዜና በአንድ የጦር መኮንኖች ስብሰባ ላይ በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ተነግሮ ይታለፋል። ሦስቱን ያየ ሰው ያን አጭር ንግግር ሲሰማ የአንድ ረጅም ሞት የመጨረሻ ትንፋሽ መሆኑን ይረዳል፤ ያላየ ግን ልብም አይለውም።

ስለ ጃር ጃርም ልናገር። ፓድሜ በሌለችበት የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን ለቻንስለሩ ይሰጥ ብሎ በሴኔቱ ፊት ሐሳብ የሚያቀርበው እርሱ ነው። ሁሉ የሳቀበት፣ ክፋት የሌለው፣ ማንንም ማስቀየም የማይሻ ፍጡር ለአምባገነኑ በሩን ከፈተ። ይህ በአጋጣሚ የተጻፈ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ የእርሱም ሆነ የንግድ ፌዴሬሽኑ ሹማምንት አነጋገር በእውነተኛ ሕዝቦች ላይ የሚነገሩ የቆዩ ንቀቶችን ያስታውሳል የሚለው ወቀሳ ክብደት ያለው ስለሆነ፣ ፊልሞቹን የምንወድ ሰዎች አቃልለን ልናልፈው አይገባም። በተዋናዩ በአሕመድ ቤስት ላይ የወረደው ስድብ ግን ከሂስ ድንበር ያለፈ ግፍ ነበር፤ ራሱን እስከ ማጥፋት አስቦ እንደነበረ በ2018 በይፋ ተናግሯል። በ2023 «ዘ ማንዳሎሪያን» በተባለው ተከታታይ ድራማ ውስጥ የጄዳይ (የሪፐብሊኩ ጠባቂ ተዋጊዎች) መምህር ሆኖ ሲመለስ ከልቤ ተደስቻለሁ።

ሰብለ፦

ስለ ፖለቲካው ታሪክ ከሁለታችሁም አልለይም። ሆኖም ሐሳብ አንድ ነገር ነው፣ ሐሳቡን በሰው ሕይወት አድርጎ ማሳየት ሌላ ነገር ነው። «ዘ ኤምፓየር ስትራይክስ ባክ» (1980) በኧርቪን ከርሽነር ዳይሬክተርነት፣ በሊ ብራኬትና በሎውረንስ ካስዳን ስክሪፕት ሲሠራ፣ ሉካስ የታሪኩ ባለቤት ሆኖ ሳለ የሚሞግተው ሰው ነበረው። ከ1999 ጀምሮ በወጡት ግን በራሱ ገንዘብ ሦስቱንም ራሱ አዘጋጀ፤ የአንደኛውንና የሦስተኛውን ስክሪፕት ብቻውን ጻፈ። ምልልሱን «ይህ ከሰው አፍ አይወጣም» ብሎ የሚመልስለት ሰው አለመኖሩ በግልጽ ይታያል። ፓድሜን የምትጫወተው ናታሊ ፖርትማንን የምታህል ተዋናይ እንኳ ድምፅዋ ሕይወት አጥቶ የምንሰማው ችሎታ አንሷት አይደለም።

ይበልጥ የሚቆጨኝ የፓድሜ ነገር ነው። በሦስተኛው ፊልም ከሌሎች ሴናተሮች ጋር ሆና ቻንስለሩን የሚቃወም ቡድን ስታደራጅ የሚያሳዩ ትዕይንቶች ተቀርጸው ነበር፤ ነገር ግን ከፊልሙ ወጡ። በንግሥትነቷ ለፕላኔቷ የተዋጋችው፣ በሴናተርነቷ የጦር ሠራዊት መቋቋምን የተቃወመችው ሴት በዚህ ምክንያት እቤት ተቀምጣ ባሏን የምትጠብቅ ሆና ቀረች። ጠያቂው የሚያደንቁት የሪፐብሊኩ ታሪክ ዋና ምስክሩን ያጣው እዚህ ላይ ነው። አናኪንም ቢሆን ለጄዳዩ መምህር ለሜስ ዊንዱ ሞት ምክንያት ሆኖ ሲጸጸት እናየውና፣ በዚያው ሌሊት ሕፃናትን ለመግደል ይሄዳል። የልቡ መንገድ ተቆርጦብኛል።

ዕቃ ሠሪ፦

ሥራዬ ለቴአትር መድረክ ዕቃ መሥራት ስለሆነ በዚያ በኩል ልመልስ። «ሁሉም ኮምፒውተር ነው» የሚባለው ከእውነት የራቀ ነው። በናቡ ከተማ የሚወርደው ፏፏቴ በሞዴል ላይ የፈሰሰ ጨው ነው። በአንደኛው ፊልም የእሽቅድድም ሜዳ ከሩቅ የሚታየው ተመልካች ሕዝብ ቀለም የተቀባ የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ነው። የንግሥቲቱ ቤተ መንግሥት በጣልያን የካዜርታ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀርጿል። ለመጨረሻው ፍልሚያ የእሳት ፕላኔት በእጅ የተሠራ ሞዴል ከእውነተኛው የኤትና እሳተ ገሞራ ምስል ጋር ተዋሕዷል። ሁለተኛው ፊልም ሙሉ በሙሉ በዲጂታል ካሜራ መቀረጹም እውነት ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ሲኒማ የሚሄድበትን መንገድ ቀድሞ ሄደበት።

ሰብለ ምልልሱን በተመለከተ የጻፉትን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሉካስ ትልቅ የሚሆነው ሰዎቹ ዝም ሲሉ ነው። በእሽቅድድሙ ጊዜ ሙዚቃው አብዛኛውን ጊዜ ጸጥ ብሎ፣ ቤን በርት የሠራው የሞተሮች ድምፅ ብቻውን ታሪኩን ይነግረናል። ጄዳዩ ኳይ-ጎን ከክፉው ተዋጊ ከዳርዝ ሞል ጋር በሚያደርገው ፍልሚያ ላይ፣ የሙዚቃው ደራሲ ጆን ዊልያምስ የጥንት የዌልስ ግጥም ስንኞች ወደ ሳንስክሪት ተመልሰው በመዘምራን እንዲዜሙ አድርጓል። ቃሉ ባይገባንም የሚወሰነው የአንድ ሕፃን፣ የአናኪን፣ ዕጣ መሆኑን እንሰማለን፤ የሚሞተው ኳይ-ጎን ለዚያ ልጅ አባት ሊሆነው የሚችል ብቸኛው ሰው ነበርና።

ሰብለ «የልቡ መንገድ ተቆርጧል» ላሉትም አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። በሦስተኛው ፊልም አናኪን በጄዳዮች ምክር ቤት አዳራሽ ብቻውን ቀርቷል፤ ፓድሜ ከከተማው ማዶ በቤቷ መስኮት አጠገብ ቆማለች፤ ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ሁለቱም አንድም ቃል አይናገሩም። ሁለቱ በሕንፃዎቹ መካከል የሚተያዩ ይመስላሉ፤ እርሱ ያለቅሳል፣ ከዚያም ተነሥቶ ወደ ፓልፓቲን ይሄዳል። ውሳኔው የተደረገው እዚያ ነው፤ የዊንዱ ሞት ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

የማታ ተመልካች (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሰብለ ስለ ፓድሜ የጻፉት ልክ ነው፤ የወጡት ትዕይንቶች በፊልሙ ውስጥ ቢቀሩ ኖሮ ሦስተኛው ፊልም እጅግ ይጠነክር ነበር።

ስለ አናኪን ግን ጉዞው የሚጀምረው ከዚያች ምሽት ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው እላለሁ። ጄዳዮቹ የባሪያ ልጅ ሆኖ አግኝተው ይወስዱታል፤ እናቱ ሽሚ ግን እዚያው በባርነት ትቀራለች። ሪፐብሊኩን የሚጠብቁት እነዚህ ኃያላን ከዚያ በኋላ ተመልሰው ሊያስፈቷት ሲሞክሩ አናይም። ነጻ ያወጣትና ያገባት አንድ ገበሬ ነው። የጄዳዮቹ አረጋዊ መምህር ዮዳ ሕፃኑን ፍርሃት አለብህ ብሎ ይገሥጸዋል፤ የፍርሃቱ ምክንያት የሆነችውን እናት ግን የሚያስብላት የለም። አናኪን በሕልሙ ስትሠቃይ አይቶ ሲደርስ በእጁ ላይ ትሞታለች። ስለዚህ ፓድሜ በወሊድ ስትሞት ባለመ ጊዜ ምን እንደሚከተል በሕይወቱ አይቶታል። ፓልፓቲን በኦፔራው አዳራሽ ተቀምጦ ሞትን ማስቀረት ስለቻለ ሰው በለሰለሰ ድምፅ ሲተርክለት፣ ጄዳዮቹ አንድም ጊዜ ያልጠየቁትን ቁስል ነው የሚነካው። ፓልፓቲንን የሚጫወተው ኢያን ማክዲያርሚድ ያን ትዕይንት የተጫወተበት እርጋታ ከተከታታዩ ሁሉ የላቀ ትወና ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን የቀረኝ የቅደም ተከተል ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከየትኛው ትጀምር?

ሰብለ፦

ስለ እናቱ የጻፉትን አነበብኩት፤ ለእኔም ሚዛን የሚደፋ ነው፤ ሁለተኛውን ፊልም በዚህ ዓይን ደግሜ አየዋለሁ። ለእኅትዎ ግን በወጡበት ቅደም ተከተል ያሳዩአት፤ የ1977ቱ፣ የ1980ው፣ የ1983ቱ፣ ከዚያ እነዚህ ሦስቱ። ከአናኪን ከጀመረች በ1980ው ፊልም ላይ የሚገለጠው የጨካኙ የዳርዝ ቬደር ማንነት ምስጢር ከወዲሁ ይባክንባታል። ሦስተኛውን ስትጨርስ ደግሞ ከፊልሙ የወጡትን የፓድሜን ትዕይንቶች አብረው ይዩአቸው፤ በዲቪዲው ላይ አሉ።